ያልደረቀ ግድግዳ

አንዳንድ ወንድ አለ፤ ሰው በሌለበት ንግሥት ያደርግሻል፣ ሰው ባለበት ደግሞ ስምሽ ይጠፋዋል። ሰንበቴ ሌንጂሳ ይህን ባታውቅ አይፈረድባትም። ኤልያብ የመጀመሪያ ፍቅሯ ነው። ደግሞም በዚያ እሑድ ረፋድ ከምንም በላይ ያስጨነቃት ምን እንደምትለብስ ነበር።

"ሰማያዊው ይሻላል ወይስ ቡኒው?" አለች ሁለቱን ቀሚሶች ግራና ቀኝ ይዛ።

"ሰማያዊውን ልበስ" አለች ዐዋጢፍ ከመጋረጃ ጥቅሎቹ መሐል ሆና። "ቡኒው ለቅሶ ቤት የሚሄድ ሰው ይመስላል።"

ዐዋጢፍ በአሶሳ ገበያ ዳር መጋረጃ፣ ምንጣፍና የግድግዳ ወረቀት የምትሸጥ የበርታ ሴት ናት። አማርኛን የለመደችው ከደንበኛ ጋር ስትከራከር ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም "አንተ" ትላለች፤ ማንም ተቀይሟት አያውቅም። ወረቀቱን እሷ ትሸጣለች፣ ሰንበቴ ደግሞ የኮላ ባልዲዋንና መሰላሏን ባጃጅ ላይ ጭና እየሄደች ትለጥፋለች። የአሶሳን ሳሎን ግማሹን ያለበሰችው እሷ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም።

"ዛሬ እኮ ለእናቱ ሊያስተዋውቀኝ ነው፣ ዐዋጢፍ።"

"ኢንሻአላህ በል።"

"ኢንሻአላህ" አለች ሰንበቴ፣ የወንጌላዊ ልጅ መሆኗን ለአፍታ ረስታ።

ዐዋጢፍ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ቆረጠችና "ግድግዳውስ? ደረቀ?" ብላ ጠየቀች።

ሰንበቴ ቡኒውን ቀሚስ ጥቅሎቹ ላይ ጣለችው። ሰማያዊውን ቀሚስ ይዛ ከመጋረጃው ኋላ ገባች። ከዚያ ስትወጣ ግን በጣም አምራ ስለነበር ዐዋጢፍ እንኳ ጥያቄዋን ረሳችው።

ኤልያብ ደባልቄ ከደብረ ብርሃን መጥቶ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ወጣት ነው። ሱቁ መጀመሪያ የመጣ ቀን የጠየቀው፣ እንደ ከተማው ሰው ሁሉ፣ የጡብ ስዕል ያለበትን ወረቀት ነበር። ይሄ የጡብ ነገር ራሱን የቻለ ጉድ ነው። ሰው ቤቱን በብሎኬት ይሠራል፣ ብሎኬቱ እንዳይታይ ይለስነዋል፣ ልስኑ ላይ ደግሞ መልሶ የጡብ ስዕል ይለጥፍበታል።

"የት ላይ እንዲለጠፍ ነው?" ብላ ጠየቀችው ያኔ።

"ቴሌቪዥኑ ጀርባ።"

"ስንት ኢንች ነው ቴሌቪዥንህ?"

"ቴሌቪዥን እንኳ የለኝም" አለና አንገቱን ደፋ። እሷ ስትስቅ ቀና ብሎ አያት፤ እንዳያትም ቀረ።

ከዚያ ወዲያ ኤልያብ በየሳምንቱ እየመጣ የናሙና ጥራዙን ያገላብጥ ጀመር። ለአንዲት ሳሎን ወረቀት ለመምረጥ እንዲያ የዘገየ ደንበኛ ዐዋጢፍ በዕድሜዋ አይታ አታውቅም። በመጨረሻ አንድ ቀን ጥራዙን ወደ ሰንበቴ ገፋው።

"አንቺ ምረጪ።"

"ቤቱ ያንተ፣ እኔ ምን አገባኝ?"

"ጠዋት ስትነሺ ማየት የምትፈልጊውን ምረጪ" አለ። ጆሮው ቀልቶ ነበር። "የምትኖሪበት አንቺ ነሽ።"

ሰንበቴ ያን ቀን ጥራዙን ከዳር እስከ ዳር አገላበጠችው። ወርቃማ ትልልቅ አበባ ያለበትን ዘለለችው፤ ሳሎኑ ጠባብ ነው፣ ትልቅ አበባ ጠባብ ክፍልን ያንቀዋል። ጠቆር ያለውን ግራጫም ተወችው፤ ለጨለማውስ የአሶሳ ክረምት ራሱ ይበቃል። ክሬም መደብ ላይ ቀጫጭን የቀርከሃ ቅጠል የተበተነበትን መረጠች። ለሌላ ሰው ቤት ስትመርጥ ደንበኛው ምን እንደሚወድ ታስባለች፤ ያን ቀን ግን ያሰበችው ጠዋት ጠዋት በምሥራቁ መስኮት የሚገባው ብርሃን ቅጠሉ ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚመስል ነበር።

የኤልያብ ቃል ግልጽ ነበር። እናቱ ወይዘሮ በለጡ መጥተው ያዩዋታል፣ ከዚያ ሽማግሌ ወደ አባቷ ይላካል። በስልክ ለመንገር አልደፈረም። "እማዬ አባቴ ከሞተ ጀምሮ ብቻዋን ነው ያሳደገችኝ፤ እንዲህ ያለው ነገር ፊት ለፊት ነው የሚነገረው" ይላል። የሰንበቴ አባት፣ ወንጌላዊ ሌንጂሳ፣ ከወለጋ መጥተው አሶሳ ከከተሙ ቆይተዋል። እሳቸውም ቃላቸው አንድ ነው። "ልጄ፣ ተደብቆ የሚወድሽ ሰው አይሁንብሽ። ክረምቱ ሳይወጣ በሽማግሌ ካልመጣ በሩን ዝጊው" ብለዋታል። እሺ ብላቸዋለች።

አሁን ወደ ግድግዳው እንመለስ። ቤቱ አዲስ ነው። ዝናብ የሚመታው የሳሎኑ ግድግዳ የተለሰነው ዘግይቶ፣ ክረምቱ ከገባ በኋላ ነበር። ሰንበቴ እስከ መስከረም ይደርቃል ብላ ትታው ነበር፤ ወይዘሮ በለጡም የሚመጡት በመስከረም ነበርና ችግር አልነበረውም። መስከረም ላይ የእህታቸው ልጅ ሰርግ ገባና ጉዟቸው ወደ ሐምሌ መጨረሻ ተሳበ።

ሰንበቴ መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳርፋ "ይሄ ገና ነው" አለችው። "ቀዝቃዛ ነው፣ ውሃ ይዟል። ሌሎቹን ልለጥፍና ይሄን በመጋረጃ እንሸፍነው።"

"ሰንቡዬ፣ እማዬ አሶሳ የዓለም ዳርቻ ነው የሚመስላት። ባዶ ግድግዳ ካየች ልጄ ጫካ ገባ ብላ ታለቅሳለች።"

"እርጥብ ላይ ኮላ አይዝም እኮ፣ ኤልያብ። ይላቀቃል።"

"እሷ እስክትሄድ ብቻ ይያዝ። ለእኔ ስትይ።"

ሰንበቴ ደንበኛ እንዲህ ካስቸገራት "ሌላ ለጣፊ ፈልግ" ብላ መሰላሏን አንስታ የምትወጣ ሴት ናት። በሥራዋ እርጥብ ግድግዳ ላይ ለጥፋ አታውቅም። ግን ለእኔ ስትይ ተባለች፤ የሚወዱት ሰው እንዲያ ካለ በኋላ ምን ይባላል? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆነና ለጠፈች። ስትጨርስ ኤልያብ ከኋላዋ አቅፎ "ቤታችን" አላት በጆሮዋ። ቀኑን ሙሉ ያችን ቃል እየደጋገመች ዋለች፤ ባጃጅ ውስጥ ሆና ሳይቀር ብቻዋን ፈገግ ትል ነበር።

*

እሑድ እኩለ ቀን ሲሆን ዝናቡ ጋብ ብሎ ነበር። በዋዜማው ኤልያብ በቴሌግራም "ነገ ምሳ ላይ እነግራታለሁ። ቃሌ ነው" ብሎ ጽፎላታል። ሰንበቴ በሰማያዊ ቀሚሷ፣ አንድ ጣሳ ማር ይዛ፣ ጫማዋ ጭቃ እንዳይነካው ከባጃጁ እየዘለለች ወርዳ በሩን አንኳኳች።

የከፈተላት ኤልያብ ነው። ቀሚሷን አየ፣ ፊቷን አየ፣ ከዚያ ዞር ብሎ ወደ ሳሎኑ አየ።

"መጣሽ?" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንዳልጠራት ሁሉ።

ወይዘሮ በለጡ ቀጭን፣ ቀጥ ብለው የሚቀመጡ ሴት ናቸው። ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አጣፍተው ከመቀመጫቸው ተነሱላት። ሰንበቴ ማሩን ጠረጴዛ ላይ አኑራ፣ ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ጨበጠቻቸው።

"እማዬ፣ ይቺ..." አለ ኤልያብ።

ሰንበቴ ቀና ብላ አየችው።

"ይቺ ሰንበቴ ትባላለች። ይሄን ቤት ያሳመረችልኝ ባለሙያ ናት።"

ዓረፍተ ነገሩ ይቀጥላል ብላ ጠበቀች። አልቀጠለም። መጀመሪያ ሥራዬን ማስተዋወቁ ነው፣ እኔን ቀስ ብሎ ነው ብላ ለራሷ ተረጎመችለት። ፍቅር የያዘው ሰው እንዲህ ጥሩ አስተርጓሚ ነው።

"እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ" አሉ ወይዘሮ በለጡ። "ቁጭ በይ፣ ምሳ ደርሷል። ይሄ ቅጠል ዓይን ያሳርፋል። ማን መረጠው?"

"እኔ ነኝ" አለ ኤልያብ ፈጠን ብሎ።

"አንተ?" አሉና ልጃቸውን ትንሽ አዩት። 

ምሳው ወይዘሮ በለጡ በጠዋት ተነስተው የሠሩት ዶሮ ወጥ ነው። ሰንበቴ ቆረሰችው እንጂ አልጎረሰችም። ኤልያብ ስለ ዩኒቨርሲቲው አወራ፣ ስለ ዝናቡ አወራ፣ ስለ ደብረ ብርሃን ብርድ አወራ። ወሬው ባለቀ ቁጥር ሰንበቴ ቀና ትላለች፤ እሱ ደግሞ ሌላ ወሬ ያመጣል። በመሐል ወይዘሮ በለጡ ጨው ፈለጉ። ሰንበቴ ብድግ ብላ ኩሽና ገባችና ከላይኛው መደርደሪያ፣ ከሻይ ቅጠሉ ጀርባ፣ አውጥታ አመጣችላቸው። ተቀብለው አመሰገኗት።

ያኔ ነው ከወይዘሮ በለጡ ኋላ ስርር የሚል ድምፅ የተሰማው።

ወረቀቱ ከጣሪያው ሥር ተላቀቀ። አንዱ ቁራጭ ቀስ እያለ፣ እየተጠቀለለ ወረደና ወንበራቸው ጀርባ ላይ ተኛ። ከሥሩ ጥቁር ጥቁር ሻጋታ የጀመረው እርጥብ ልስን ታየ።

"ውይ! አዲስ አይደለም እንዴ?" አሉ ወይዘሮ በለጡ ተነስተው።

ሰንበቴ ወደ ኤልያብ አየች። መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳርፋ የነገረችውን ያውቃል። የለመናትን ያውቃል። ይሄ ቀላሉ በር ነው፣ "ጥፋቱ የእኔ ነው እማዬ፣ አንቺ ስለምትመጪ እኔ ነኝ ያስቸኮልኳት፣ እሷም ለእኔ ብላ ነው" ቢል ሌላው ሁሉ ተከትሎ ይወጣል። ዓይኗ ይህን ሁሉ አለው።

"ሠራተኛዋ ተቻኩላ ነው" አለ ኤልያብ። ሳህኑን እያየ ነበር የሚያወራው። "ይድረቅ ብያት ነበር።"

ወይዘሮ በለጡ ወደ ሌላ ወንበር ዞረው ተቀመጡ።

"እህቴ" ሲል ቀጠለ፤ ሰንቡዬ የሚላትን ልጅ፤ "እስቲ ይቺን አስተካክይልን።"

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ያስቸኮላት ሰው ቁጭ ብሎ ምሳውን ሲበላ ግን ተረቱ ምንም አይልም።

ሰንበቴ ተነሳች። ለምን እንደተነሳች በኋላም ራሷን ብትጠይቅ መልስ አላገኘችለትም። ምናልባት አካሏ ሥራውን ስለሚያውቅ ነው። በረንዳ ላይ የተረፈውን ኮላና ብሩሽ አመጣች፣ ወንበር ላይ ወጣች፣ በዚያ ሰማያዊ ቀሚስ እጇን ዘርግታ የላይኛውን ጠርዝ ቀባች። እንደማይዝ ታውቃለች። ውሃ ላይ ኮላ ምን ሊያደርግ?

"ከታችም ተነስቷል" አሉ ወይዘሮ በለጡ። ድምፃቸው እንግዳ ነበር። ግድግዳውን ሳይሆን ልጃቸውን እያዩ ነበር።

ሰንበቴ ከወንበሩ ወርዳ ተንበረከከች። ኮላው በክርኗ ወርዶ ቀሚሷ ላይ ተንጠባጠበ። አሁን ይናገራል አለች በልቧ። ከታች ያለውን ጠርዝ ቀባች፤ አሁን ይነሳል አለች። ከኋላዋ ወንበር ሲንቋቋ ሰማችና ልቧ ዘለለ። ኤልያብ ውሃ ሊቀዳ ነበር የተንጠራራው።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ አበው። ይህን ሲሉ እንዲህ ያለውን ዝምታ አላሰቡትም መሰለኝ። ሰንበቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳደረገች፣ ራሷ የመረጠችው ቅጠል ላይ እንባዋን አፈሰሰች፤ ማንም አላየባትም።

*

በረንዳ ላይ ኮላውን ከእጇ ልታስለቅቅ ስትታገል ወይዘሮ በለጡ ጆግ ይዘው ወጡ። ሳይጠይቋት ውሃ ያፈሱላት ጀመር።

"ስንት ጊዜያችሁ ነው?" አሉ።

የሰንበቴ እጆች ቆሙ። "ምኑ፣ እማማ?"

"ልጄ፣ ልትለጥፍ የመጣች ሴት ጨው የት እንደሚቀመጥ አታውቅም። ኤልያብን ደግሞ እኔ ነኝ የወለድኩት። ሸሚዙን እስካሁን የምገዛለት እኔ ነኝ፣ ያንን ቅጠል እሱ አልመረጠውም። ምሳችንን ስንበላ ደግሞ በላች አልበላች እያለ ሳህንሽን ነበር የሚያየው።"

ሰንበቴ እጆቿን መልሳ ማሸት ጀመረች። ውሃው በጣቶቿ መሐል ይወርዳል።

"ገና ከበር ስትገቢ ነው የጠረጠርኩት" አሉ ወይዘሮ በለጡ። "ይነግረኛል ብዬ ጠበቅኩት። እኔ ልከለክለው አልመጣሁም። የማን ልጅ ነሽ ብዬ እጠይቅሽ ነበር፤ ጴንጤ ነሽ ብትይኝ ትንሽ አኮርፍ ነበር፣ አልዋሽሽም። እናት ነኝ። ከዚያ ግን እመርቃችሁ ነበር።"

"ያውቁ ነበር?"

"አዎ።"

"ስንበረከክም ያውቁ ነበር?"

ወይዘሮ በለጡ ጆጉን ዝቅ አደረጉት። "እሱ ይነሳል ብዬ ነበር የምጠብቀው፣ ልጄ። በዚህስ አያስችለውም፣ አሁንስ ይነሳል እያልኩ።"

"እኔም እሱን ነበር የምጠብቀው፣ እማማ" አለች ሰንበቴ። ድምፅዋን አላነሳችም። "እርስዎ ግን ወንበር ላይ ሆነው ነው የጠበቁት።"

ወይዘሮ በለጡ ጆጉን በረንዳው ላይ አኖሩት። 

"እውነትሽን ነው" አሉ። "ልጄን ልፈትን ብዬ አንቺን አዋረድኩሽ። ይቅር በይኝ።"

"እሺ" አለች ሰንበቴ። ትልቅ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ እሺ ይባላል፤ አባቷ እንዲህ ነው ያሳደጓት። ልቧ ግን እሺ አላለም። ሴትዮዋን መጥላት ፈለገች፣ ጥላቻውም እምቢ አላት። ይህች ሴት አማቷ ልትሆን ትችል ነበር፤ ጥሩ አማት ልትሆናት ትችል ነበር። ይህን ማወቅ ከስድብ ይብሳል።

*

የግቢውን በር አልፋ መንገዱ ላይ ባጃጅ ስትጠብቅ ኤልያብ በነጠላ ጫማ እየሮጠ ደረሰባት። ፊቱ እንዲያ አብርቶ አይታው አታውቅም።

"ሰንቡዬ! ሰንቡዬ ቆይ! እማዬ ታውቃለች!" ትንፋሹ ተቆራረጠ። "አሁን ነገረችኝ። ፈቅዳለች! አልተቆጣችም እኮ፣ እንዲያውም እኔን ነው የተቆጣችው። ነገ ሽማግሌ እንልካለን፣ ከነገ ወዲያም ካልሽ ከነገ ወዲያ። አለቀ! የፈራነው ሁሉ አለቀ!"

ሰንበቴ አየችው። ያው የምትወደው ፊት ነው። ሲደሰት የግራ ቅንድቡ ከፍ ይላል፤ አሁንም ከፍ ብሏል። እጇን ዘርግታ ልትነካው ምንም አልቀራትም ነበር።

"ለእናትህ ነገርካቸው?" አለች።

"ምኑን?"

"ግድግዳውን። ማን እንዳስቸኮለ።"

"እሱን ተይው አሁን" አለና ሳቅ አለ። "ደንግጬ ነው። አፌ ላይ የመጣልኝን ነው ያልኩት። ከእንግዲህ ማን ያነሳዋል? እማዬ ፈቅዳለች ስልሽ!"

እጇን ሊይዝ ተጠጋ። መንገድ ላይ፣ በጠራራ ቀን፣ የሚያልፍ የሚያገድም ሰው እያየ። ይህን ቀን ስንት ጊዜ ተመኝታዋለች። ሰንበቴ ግን እጇን ወደ ኋላ ሰበሰበች።

"እናትህ ፈቀዱልህ" አለች። "እኔ ግን አልፈቀድኩልህም።"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"አንተ እኮ የምትወደኝ ሲፈቀድልህ ነው። ዛሬ እናትህ ፈቀዱ፤ ነገ አለቃህ ፊት፣ ጓደኞችህ ፊት ስቆም ደግሞ እንደገና እየጠበቅኩ ልኖር ነው። አንድ ምሳ ነው የጠበቅኩህ፣ ኤልያብ፣ ጉልበቴ አልቋል።"

የኤልያብ ቅንድብ ወረደ። እውነቱን ለመናገር አልገባውም ነበር። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ነገሩ በቀለለ።

"በአንድ ወረቀት?" አለ። "ይሄ ሁሉ በአንድ ወረቀት ነው?"

ባጃጅ መጥቶ ቆመ። ሰንበቴ ገባችና ኮላ የደረቀበትን የቀሚሷን ጠርዝ ሰብስባ ተቀመጠች። ኤልያብ የባጃጁን ሸራ ይዞ ስሟን ጠራ፤ ሰንቡዬ አለ፣ ሰንበቴ አለ፣ እናቱ እስከ በረንዳው ድረስ እንዲሰሙት ጮኾ ጠራት። ምሳ ላይ ይህን ድምፅ ሩቡን እንኳ አውጥቶት ቢሆን ኖሮ ዛሬ እየዘፈነች ነበር ወደ ቤቷ የምትመለሰው።

"ሂድ" አለችው ሾፌሩን።

ባጃጁ በጭቃው ውስጥ እየተንገጫገጨ ተነሳ። ሰንበቴ ወደ ኋላ ላለማየት ሁለት እጆቿን ጉልበቷ ላይ ጨብጣ ያዘች፤ እንባዋን ለመጥረግ እንኳ አላላቀቀቻቸውም። ጠልታው ቢሆን ይቀላት ነበር። እየወደደችው ነው የሄደችው።